ላባ በላተኞቼ መታወቂያ ስላልነበራቸው ይቅርታ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የጥቃቅን ማኅበራት ማደራጃ ዴስክ ኃላፊ
አርባ ምንጭ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ የደም ግፊትዎና የማኅተምዎ ቀለም ሁሉም በያሉበት ደኅና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ሃያ ስድስት ዓመት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ፣ ቄራ አጠገብ የምኖር ሴት ነኝ። ከአፍንጫዬ በቀር ደኅና ነኝ። በአደባባይ የምጽፈው፣ ቀደም ሲል የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤትዎ በሰላም ስላረፉ እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ላባ፣ ቀንድና ሰኮና እንደ ሥጋ ቶሎ አይበሰብሱም፤ ቄራው የሚጥለው የሰፈራችን ክምርም ዝናብ በመጣ ቁጥር ወደምንጠጣው ጉድጓድ ይወርዳል። ላንቴ ቀበሌ ዶሮ ከሚያረቡት ከአቶ ኦይታ ግቢ፣ ከብዙ ዓመት የላባ ክምር ሥር አንድ ጣሳ አፈር ወስጄ፣ በውስጡ ያሉትን በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን በበርሜል አራባሁ። አንዱ ላባውን ያላላል፣ ሌላው ይቆራርጣል፣ ሌላው የተቆረጠውን ይበላል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንደሚባለው መሆኑ ነው። በሦስት ሳምንት ላባው ሟሙቶ ለሙዝ ማዳበሪያ ሆነ። ስለዚህ ከቄራው ግቢ አንድ ጥግ እንዲፈቀድልኝ፣ «ስለ ጥቃቅን ተሕዋስያን ማኅበረሰብ» ብዬ ለማዘጋጃ ቤቱ ጽዳት ክፍል አመለከትኩ። ከዚያ ወዲህ የዋሉልኝን ውለታ እነሆ እዘረዝራለሁ።

፩. «ጥቃቅን» የሚል ቃል ስላዩበት ብቻ ማመልከቻዬ የዴስክዎ ጉዳይ ነው ብለው ስለወሰዱልኝ አመሰግናለሁ።

፪. የመሥራች አባላት ስም ዝርዝር በፆታ ተለይቶ፣ ከቀበሌ መታወቂያና ከሁለት ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ጋር እንዲቀርብ በማዘዝዎ ማኅበሩን ከሰው እኩል ስላከበሩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በፆታ መለየት አቅቶኛል፤ ቁጥራቸውም በቁርስና በምሳ መካከል በእጥፍ ስለሚጨምር ዝርዝሩን ሳልጨርስ ቀረሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

፫. አባላቱ በዓይን እንደማይታዩ በጽሑፍ ባስረዳሁ ጊዜ፣ በሌሉ ሰዎች ስም መሬት ልወስድ ነው ብለው በመጠርጠር ቀርቤ እንዳብራራ ጠሩኝ። እኔ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢሮዎ ደጃፍ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ የላኳቸው አጣሪ አቶ ገነነ ቤቴ መጥተው አባላቱን ፈልገው ስላጡ፣ ቢያንስ ሽታውን ላጥፋላት ብለው በርሜሉ ውስጥ ሁለት ጀሪካን በረኪና ገልብጠው ሄዱ። በር የከፈተችላቸው ጎረቤቴ ወለቴ እንደነገረችኝ፣ ሲወጡ እጃቸውን በሳሙና ታጥበዋል። ስለ ንጽሕናቸው ያለኝን አድናቆት ያድርሱልኝ።

፬. አራተኛ ቅሬታ የለኝም። በማግሥቱ ሌላ አፈር ልወስድ ላንቴ ብሄድ፣ አቶ ኦይታ ክምሩን አስጠርገው ወለሉን ሲሚንቶ አድርገውት ደረስኩ፤ እንኳን ደስ አለዎት ብያቸው ተመለስኩ። ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ሾፌሩ ማን እንደሞተብኝ ጠየቀኝ። ሌሎች አራት የዶሮ ግቢዎች አፈር ብሞክርም፣ ላባው በርሜሉ ውስጥ እንደገባ ሳይሟሟ ተቀምጧል። ክምሩ ከፍ እያለ ነው፤ ዝናቡም ሊገባ ነው። ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ለመላው የዴስክዎ ባልደረቦች ረጅም የሥራ ዘመንና የማይደርቅ ማኅተም እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አባል የሌላት ሊቀ መንበር፣
ጽጌሬዳ ማርቆስ

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ፣ የማኅበሩ አባላት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በአካል ካልቀረቡ ማኅበሩ እንደፈረሰ እንደሚቆጠር የሚገልጸው ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ለእኔ ቢጤ ድፍረት ይሆናል። ጥሪው ከበረኪናው ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም በአንድ ባልዲ ይዣቸው እቀርብ ነበር። አሁን «ፈርሷል» ብለው ይመዝግቡልኝ፤ ስለ እነሱ ከቢሮዎ ከወጣው ጽሑፍ ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ይሆናል።