የጋሽ ታደሰ ግራሶ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ከሦስት ዓመት በፊት ከአንጋፋው መካኒካችን ከጋሽ ታደሰ ጋር የሠራናት ላዳ ዛሬ ቡልጋሪያ ሰፈር ወዳለው ጋራዣችን ተመለሰች። የኋላ አሞርዛተሮቿ ሊቀየሩ ነው። የቀኙን ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። ቡሎኑ ዝጎ ተጣብቋል። ነጭ ጋዝ አፈሰስኩበት፣ በመዶሻ ቀጠቀጥኩት፣ አሻፈረኝ ሲለኝ ቆረጥኩት። የግራውን ያሰሩት እሳቸው ናቸው። ቁልፉን ገና ከማስገባቴ ተፈታ።

ጋሽ ታደሰ ዝገት እንዳይነካው ግራሶ ሳይቀቡ ቡሎን አያስሩም ነበር። ስቀልድባቸው፣ «ነገ የሚፈታው ሰው አለ እኮ፣ ልጄ!» ይሉኝ ነበር። ካዛንቺስ ቤታቸው ፈርሶ ከለቀቁ በኋላ ዓመት ሳይሞላቸው አረፉ።

ባልደረባዬ ከድር አየኝና፣ «ምን ሆነህ ነው?» አለኝ።

«ዝገት ዓይኔ ገባ» አልኩት።

በእጄ የያዝኩት የግራውን ቡሎን ነበር። ቅንጣት ዝገት የለውም።