በራችንን በይዳችሁ ላመጣችሁልን ሰላም

ለተከበሩ አቶ ፍቅሩ
የላይና የታች መጋዘን ሰፈር ዕርቅ አመቻች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አቃቂ ቃሊቲ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የባልደረቦችዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ሰኔ ገብቶ ብርዱ በርትቷልና ከመስኮት አጠገብ የሚቀመጡት ሁሉ ጉንፋን እንዳይዛቸው፣ የማኅተሙም ቀለም እንዳይደርቅ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ከሒክማ በስተቀር። የእሷን ነገር ቦታው ሲደርስ እነግርዎታለሁ።

አቻምየለሽ እባላለሁ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እኔ ደግሞ እዚያው ሰፈር በመጋዘኖቹ ውስጥ ቡና ስለቅም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ፤ በአንደኛው ቀን ብርጭቆ ሳጥብ አይተውኛል ብዬ እገምታለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው፣ በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ምላሽ ስላጡ ነው። የሰላም ጽሕፈት ቤት ጸጥ ማለቱ ከሥራው ጋር የሚሄድ ስለሆነ አልተቀየምኩም።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የላይኛውና የታችኛው ሰፈር ጫኝና አውራጅ ማኅበራት፣ መሐል ላይ ባለው መጋዘን ደጃፍ የሚቆሙትን ተሳቢዎች ማን ያራግፍ በሚል የካቲት ላይ ተጣሉ። ድንጋይ ተወራወሩ፤ ነቢል የሚባል የታችኛው ሰፈር ልጅ አንድ ዓይኑን አጣ። ጽሕፈት ቤትዎ ሁለቱን ወገኖች ለድርድር ጠራ፤ ከሽማግሌዎች ጋር ስድስት ጊዜ ተቀምጠው ባለ ዘጠኝ አንቀጽ ስምምነት ተረቀቀ፤ የፊታችን ቅዳሜ ይፈረማል። አንቀጽ አምስት፣ ሁለቱ ሰፈሮች እንዳይገናኙ በመካከላቸው ያለችው ትንሽ የብረት በር ለዘለቄታው ትዘጋለች ይላል። እናንተም ፊርማውን ሳትጠብቁ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት በያጅ አምጥታችሁ በየዳችኋት። የመንግሥት ሥራ ይዘገያል እያሉ ስማችሁን የሚያጠፉ ሰዎች ያን ጠዋት እዚያ ቢኖሩ ደስ ባለኝ ነበር።

እኛ ለቃሚዎቹ፣ ከላይ ወደ ታች ከታችም ወደ ላይ ተሻግረን፣ ሥራ የምንገባው በዚያች በር ነው። የምለምንዎ እንድትከፈት ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ማብራሪያ ነው። ምስጋናዬንም እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ልማድ በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ጥናቱ። ሚያዝያ ላይ ወይዘሪት ማህሌት የተባለች ባለሙያ የሥርዓተ ፆታ ትንተና እንድትሠራ ስለላኩልን እናመሰግናለን። ትንተና ሲባል ፈተና ያለው መስሎን ፈርተን ነበር፤ ልጅቷ የጠየቀችን ግን የምናውቀውን ነው። በጠቡ ሴቱ ምን አጣ፣ ወንዱስ ምን አጣ፣ በየትኛው መንገድ ማን በስንት ሰዓት ያልፋል፣ ሲወሰን ክፍሉ ውስጥ የነበረው ማን ነው፣ ያልነበረውስ ማን ነው ብላ ጠየቀችን። ሦስት ቀን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ከእኛ ጋር በእግሯ ሄዳለች። ከሁለቱም ሰፈር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሴቶች በየማለዳው በዚያች በር እንደምናልፍ አንድ በአንድ ቆጠረች። ከዚያም በትልቅ ወረቀት ላይ ካርታ አሠራችን፤ መንገዳችንን በሰማያዊ፣ የምንፈራውን ቦታ በቀይ ማርከር ቀባን። በሯ ከተዘጋች በከባድ መኪና መንገድ መዞር ግድ እንደሚሆንብን፣ እዚያ ደግሞ መብራትም የእግረኛ መሄጃም እንደሌለ ካርታው ላይ በቀይ ተቀምጧል።

የድርድሩ መክፈቻ ዕለት ካርታችን አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሎ ከሩቅ ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቀረብ ስል ለካ ተገልብጦ ነው የተሰቀለው፤ በንጹሑ ጀርባ ላይ “ወደ ሰላም ጉባኤያችን እንኳን በደህና መጡ” ተብሎ በደማቁ ተጽፎበታል። ወረቀት መቆጠብዎ የሚያስመሰግን ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሴቶችም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቢሆንም ስድስቱንም ስብሰባ ታድመዋል።

2. ስለ ተሳትፎአችን። ጥናቱ ሴቶች በድርድሩ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ ብሎ ስለመከረ፣ ምክሩን ተቀብላችሁ አሥራ አንዳችንን ጠራችሁን። የክት ልብሳችንን ለብሰን መጣን። የመክፈቻ ንግግርዎን አልረሳውም፤ እናቶች የሌሉበት ሰላም ምኑን ሰላም ሆነ ሲሉ እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብን። ጭብጨባው ሳያባራ አንድ ወጣት ባልደረባዎ በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ እማማ፣ ውሃውን ብታዞሩልን፣ ምሳውንም እናንተው ብታቀርቡት ይሻላል፣ እናንተ እኮ ቤተኛ ናችሁ አለኝ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ማን እንዳሳደገው ማወቅ እፈልጋለሁ። ውሃውን አዞርን፣ ምሳውን አቀረብን፣ ዕቃውን አጠብን፣ ስንወጣ አቴንዳንስ ላይ ፈርሙ ተባልን፤ ፈረምን።

በሳምንቱ ሪፖርቱን በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ አነበብኩት። ሠላሳ ሁለት ተሳታፊዎች፣ ከነዚህም አሥራ አንድ ሴቶች፣ የሴቶች ተሳትፎ ሠላሳ አራት በመቶ። ስሌቱ ልክ ነው፤ እኔም በወረቀት ሠርቼ አረጋግጫለሁ። ድርድሩ ወደሚካሄድበት ክፍል የገባነው ግን ሰሃን ለማንሣት ብቻ ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ሪፖርት የእጃችንን ተሳትፎና የአፋችንን ተሳትፎ ለይታችሁ ብታወጡት ትንተናው ይበልጥ የሚያምር ይመስለኛል።

3. ስለ መንጠቆው። ሽማግሌዎቹ ከስድስቱ ስብሰባ ሦስቱን የጨረሱት፣ ወጣቶቹ ጆንያ የሚጎትቱበትን የብረት መንጠቆ ይዘው እንዳይዞሩ ምን ይደረግ በሚል ክርክር እንደነበር ሰምቻለሁ። ከባድ ጥያቄ ነው። እግረ መንገዴን ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። ከዚያች በር አጠገብ፣ በታችኛው ሰፈር በኩል፣ ምግብ የምትሸጥ ፈርዶሳ የምትባል ሴት አለች። ጠቡ በተነሣ በማግስቱ የራሷን ሕግ አወጣች፤ መንጠቆውን ለእሷ ሳያስረክብ ምሳ የሚቀርብለት የለም፤ ከበላ በኋላም ወደ ሥራ እንጂ ወደ ጠብ እንደማይሄድ ፊቱን አይታ ትመልስለታለች። የላይኛው፣ የታችኛው ብላ አትለይም፤ የነቢልን ወንድሞች እንኳ አላለፈቻቸውም። አልሰጥም ያለ ጾሙን ይውላል፤ ኩንታል የሚሸከም ሰው ደግሞ ሁለት ቀን ጾሙን አይውልም። ከየካቲት ወዲህ ሁለተኛ ጠብ ያልተነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህችን ሴት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ ከጠራችሁን አሥራ አንድ ሴቶች አንዷ ናት። ሽማግሌዎቹ ስለ መንጠቆ ሲከራከሩ እሷ ማስታጠቢያ ይዛ ፊታቸው ቆማ ነበር፤ አንዱ ቀና ብሎ ቢጠይቃት ኖሮ ሦስቱን ስብሰባ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጨርስላቸው ነበር። አሁን በሯ ስለተበየደች የላይኛው ሰፈር ልጆች ወደ ፈርዶሳ መምጣት ትተዋል፤ መንጠቆአቸውም ቀኑን ሙሉ እጃቸው ላይ ነው። ለዚህ የሰላም እርምጃችሁ ተገቢውን ምስጋና የምገልጽበት ቃል አላገኘሁም።

4. ስለ ሒክማ። እዚህ ላይ ምስጋና ፈልጌ አጣሁ። ሒክማ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ጎን ተቀምጣ ነው የምትለቅመው። በሯ በተበየደች በስምንተኛው ቀን በመኪናው መንገድ ዞራ ስትመጣ፣ ወደ ኋላ የሚሄድ ተሳቢ ገጫት። የተገጨችበት ቦታ ካርታችን ላይ ቀይ ነው፤ ማርከሩን ይዛ የቀባችውም ራሷ ነበረች። እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሾፌሩ ወርዶ አብሮን አለቀሰ፤ ጨለማ ነበር፣ በዚያ በኩል ሰው ይመጣል ብሎ አላሰበም፤ በእሱ አልፈርድም። በእናንተ ግን ተናድጃለሁ። በጨዋ ደብዳቤ ውስጥ ይህ ቃል እንደማያምር አውቃለሁ፤ ሌላ ቃል አጣሁለት።

ባልደረባዎ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ጠይቋታል፤ ብርቱካንም ይዞላት ነበር። ቅጽ ሞልቶም ሄዷል፤ ስሟን የጻፈው “የፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች” በሚለው ዓምድ ሥር ነው።

5. ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንቀጽ አምስት ይሰረዝ። ቅዳሜ ከመፈረሙ በፊት ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ከላይ አንዷ ከታች፣ ሰሃን ሳይዙ ጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጡ፣ ይናገሩም። ካርታውም በፊቱ በኩል ይሰቀል፤ ይህኛው በጀት አይጠይቅም፣ ማዞር ብቻ ነው። ቁጥር ስድስትና ሰባትም ነበሩኝ፤ ነገ ሥራ ገቢ ስለሆንኩና መንገዱም ስለረዘመብኝ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለግድግዳዎ ተጨማሪ የምስክር ወረቀት፣ ለእርስዎም በየስብሰባው የማያልቅ ጭብጨባ እየተመኘሁ፣ በአቴንዳንስ እንጂ በአካል የማያውቁኝ አክባሪዎ ነኝ።

አቻምየለሽ
በሁለቱ ሰፈር ለቃሚዎች ስም

ግልባጭ፦
ለሁለቱ ጫኝና አውራጅ ማኅበራት
ለወይዘሪት ማህሌት፣ ጥናቷን አንድ ሰው እንዳነበበው እንድታውቅ
ለማስታወቂያ ሰሌዳችሁ፣ እኛው መጥተን እንለጥፈዋለን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ ትናንት ከሥራ ስንወጣ የሁለቱን ማኅበራት ሊቀመንበሮች፣ የላይኛውን አቶ ቡልቻንና የታችኛውን አቶ ረሻድን፣ ሻይ ጋብዘናቸው ነበር። በሯ ትዘጋ ያለው ከሁለታችሁ የትኛው ነው ብለን ጠየቅናቸው። አቶ ቡልቻ የረሻድ ሐሳብ መስሎት ነበር ለሰላሙ ሲል ዝም ያለው፤ አቶ ረሻድም የቡልቻ መስሎት ነበር። የሁለቱም ሚስቶች ለቃሚዎች ናቸው። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አንቀጽ አምስት ይሰረዝ ብለው ፈረሙ፤ ወረቀቱ ከዚህ ጋር ተያይዟል። እንግዲህ ከበሯ መከፈት ጋር ያልታረቀ አንድ ወገን ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ጽሕፈት ቤትዎ ነው። እናንተን ለማስታረቅ ፈቃደኞች ስለሆንን ነገ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከበሯ ወዲህ፣ በእኛ በኩል ቆመን እንጠብቅዎታለን። በእግርዎ ይምጡ፤ በየት በኩል እንደሚዞሩ ያውቁታል። ዳር ዳሩን ይያዙ እንዳልልዎ ዳር የለውም፤ ሾፌሮቹም በጨለማ ኃላፊና ለቃሚ አይለዩም።