ከመዳፍ የማይበልጥ ፎቶ

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፤ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ናፍቆትህን ካልቆጠርነው ሁላችንም አለን። እማዬም ስፌቷን አልተወችም፤ መርፌው ላይ ክር የማስገባላት እኔ ሆንኩ እንጂ።

ሰሞኑን ደግሞ «ስልክ ላይ ምን ይታየኛል? የልጄን ፊት አሳትመሽ አምጪልኝ» ብላ ልቤን አወለቀችው። የሄድክ ቀን በሩ ላይ ያነሳሁህን ፎቶ ይዤ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ፊትህን ብቻ ቆርጦ ሲያየው ወርዱ ስድስት መቶ ፒክስል ሆነ። «ጥርት እንዲል ለአንድ ኢንች ሦስት መቶ ፒክስል ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ኢንች፣ ጥራቱ ትንሽ ይቀንስ ካልሽም ቢበዛ አራት ነው። ከመዳፍ ካለፈ ይደበዝዛል» አለኝ። ምነው ያን ቀን ቀረብ ብዬ ባነሳሁህ! ቤቱ በሙሉ ይግባልኝ ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ግድግዳው ምን ሊሆነኝ?

እማዬ ግን «ትልቅ ነው የምፈልገው!» ብላ ድርቅ አለች። ትራስ የሚያህል አሳተምኩላት። ፊትህ ጉም የለበሰ መሰለ። ትቆጣለች ብዬ ስፈራ፣ አፍንጫዋ እስኪነካው አስጠግታ ቆየችና «እሰይ! እንዴት ጥርት ብሏል! ሳቁን አየሽልኝ?» አለች።

ያን ቀን እንዳልሳቅህ አንተም ታውቃለህ። እኔ ግን «አየሁት፣ እማዬ» አልኳት።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ዘንድሮ ፈቃድ ከሰጡህ ሌላ ፎቶ እልካለሁ ሳትል ራስህ ና። እስከዚያው ሰላምህ ይብዛልን። ስትመጣ ግን እንደዚያን ቀን በሩ ላይ እንዳትቆም፤ ገብተህ ቀረብ በላት።

እህትህ