ሦስት ነጥብ ስለተሰጠኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የተመራማሪዎች ተጽዕኖ መዛኝ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ጤናዎ እንደ ኮሚቴዎ ግራፍ ዘወትር ወደ ላይ የሚያመለክት፣ ዕድሜዎም እንደ መመሪያዎ የረዘመ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ በአንገት በላይ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልሁት እኔ፣ ጽሑፎቼ በሌሎች ዘንድ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ አስቆጥረው ሦስት ነጥብ ስለሰጡኝና በዚሁ ሰበብ ተለማማጅ ሐኪሞችን ከማስተማር ስላሳረፉኝ በአደባባይ ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

፩ኛ/ ከሦስቱ ነጥቦች ሁለቱን ያስገኘልኝ፣ በወጣትነቴ የመድኃኒት መጠን አሳስቼ ያወጣሁት ጽሑፍ ነው። ሠላሳ አንድ ተመራማሪዎች መሳሳቴን ለመናገር ጠቅሰውኛል፤ ኮሚቴውም ተግሣጹን ሁሉ እንደ ምርቃት ቆጥሮልኛል። ሁለት ሦስቴ ደጋግሜ ብሳሳት ኖሮ ይኸን ጊዜ ፕሮፌሰር ነበርሁ።

፪ኛ/ ከትንፋሽ ቧንቧ ባዕድ ነገር ማውጣትን ያስተማርኋቸው አሥራ አራት ሐኪሞች በየሄዱበት ልጆች ያድናሉ እንጂ አይጽፉም። የዳኑት ልጆችም በግርጌ ማስታወሻ አልጠቀሱኝም። ስለ ውለታ ቢስነታቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፫ኛ/ ቃለ ጉባኤው «ተጠርቶ አልቀረበም» ይላል፤ እውነት ነው። በዚያ ጠዋት ወደ አዳራሽዎ ደረጃውን ስወጣ፣ አንዲት እናት የእስክሪብቶ ክዳን ወደ ሳንባዋ የገባባትን የአራት ዓመት ልጇን ታቅፋ ደረሰች። የልጅቱ ከንፈር ጠቁሮ ነበር። ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገብተን ስናደነዝዛት መሣሪያውን የያዘችው ተለማማጄ ናት፤ እኔ ጓንቴን አጥልቄ አጠገቧ ቆምሁ። ክዳኑ ሁለት ጊዜ አመለጣት።

«ዶክተር፣ ይቀበሉኝ» አለች።

«አንቺው ታወጪዋለሽ። ቀስ ብለሽ ሳቢው» አልኋት።

በሦስተኛው ወጣ። ልጅቱ ነቅታ ስታለቅስ በር ላይ የነበረችው እናት ከመሬት ዘፍ አለች። ተለማማጄም እያነባች ትስቅ ነበር። እኛ አርባ ደቂቃ ፈጀን፤ ኮሚቴዎ የእኔን ጉዳይ በአሥራ አንድ ደቂቃ ጨርሶ ተነሥቷል። በቅልጥፍና በልጣችሁናል።

እንዲህ አጠገቡ የምቆምለት ተለማማጅ ከእንግዲህ የለኝም። ሌላውን ብስቅበትም ይህ ግን ያመኛል።

«ሥራ ለሠሪው፣ ነጥብ ለጸሐፊው» መሆኑን ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ ከአንገት በላይ ነው፤ ሙያዬም እዚያው ስለሆነ እንደ ነቀፌታ አይቁጠሩብኝ። አንድ ቀን እንኳ ቢላ ሳይጨብጡ የቀዶ ሐኪምን ክብደት ለሚያውቁት ለእርስዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ባለ ሦስት ነጥቡ ሐኪም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ጸሐፊዎ ደውላ፣ ጉሮሮዎ ላይ የወጣውን እባጭ ማክሰኞ እንዳወጣልዎ ጠየቀችኝ። በመመሪያዎ መሠረት አርባ ነጥብ ያለው ባልደረባዬ እንደሚሻል ባስረዳትም፣ «የለም፣ አደራ፣ እርስዎ ራስዎ ይሁኑ ብለዋል» አለችኝ። እሺ ብያለሁ። ምንም ሳይቀምሱ ይምጡ።