አውድማ ላይ ዓሣ ላጠመደው ባሌ

ይድረስ ለማልጠግብህ ለጌትነት፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትህን ባለፈው እሑድ አወጣን። ጅቡቲ መቃብርህ ድረስ መምጣት ስላልቻልኩ የሆነውን ሁሉ በደብዳቤ ልንገርህ።

ገብሱ ዘንድሮ ደህና ነው። ቀይዋ ላም ወለደች፤ ጥጃዋ እንደ አንተ ግንባረ ሰፊ ናት። ባጃጅ አሁን እስከ ደጃችን ይመጣል፤ የሚወርድልኝ ሰው ግን የለም። ብቸኝነት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር፣ ጌትዬ። ጅቡቲ ሳለህም ብቻዬን ነበርኩ፤ ያኔ ግን የምጠብቀው ሰው ነበረኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ የሃያ ቀን ፈቃድ ወስደህ እዚህ ንፋስ መውጫ የመጣህ ጊዜ፣ አንድ ረጅም ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዘህ ነበር። ሥራህን ቁጭ ብለህ አስረዳኸኝ። የጨው ባሕሩ ሲሸሽ ውሃው እስከ ጉልበት ብቻ ይሆናል፤ ዓሣ ሊያጠምዱ የመጡትን ፈረንጆች አስከትለህ በዝግታ ትገባለህ፤ የዓሣውን ጥላ ቀድመህ አይተህ ታሳያቸዋለህ። እነሱም ክር ወርውረው፣ ታግለው ይይዙትና መልሰው ይለቁታል። የያዙትን ሊለቁ በአውሮፕላን ይመጣሉ ስትለኝ ሳቅሁብህ። አንተም አብረኸኝ ሳቅህ።

በማግስቱ አውድማው ላይ የዘንጉን ክር ስትወረውር አገኘሁህ። እጅህ እንዳይረሳ እየተለማመድክ ነበር ለካ። ጎንበስ ብለህ ገለባው ላይ ትራመዳለህ፣ ድንገት ቀጥ ትላለህ፣ ትወረውራለህ፣ ትስባለህ። ከዚያ ተንበርክከህ የሌለውን ዓሣ በሁለት እጅህ ይዘህ ትለቀዋለህ። ጎረቤቱ ሁሉ አጥሩ ላይ ተሰበሰበ። እኔም ደነገጥኩ። ባሕር ውስጥ የሆነ ነገር ለክፎታል ብዬ በየቤቱ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ጠበል የወሰድኩህም እኔው።

ሰባት ቀን ተጠመቅህ። ብርድ አትወድም ነበር፤ ሆኖም አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆጣኸኝም። ስንመለስ መንገድ ላይ «አንቺ ልብሽ እንዲያርፍ ብዬ ነው የገባሁት» አልከኝ። ከሃያው ቀን ሰባቱን እንዲህ ፈጀሁብህ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወደ ሥራህ ከተመለስክ ከሦስት ወር በኋላ እዚያው ጅቡቲ በትኩሳት ስትሞት፣ አገሩ ሁሉ ያ የባሕር ነገር ጨረሰው አለ። ወሬውን የጀመርኩት እኔ ስለሆንኩ ዝም አልኩ።

ባለፈው ወር የሥራ ጓደኛህ ዕቃህን ይዞልኝ መጣ። ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ውሃው እስከ ጉልበትህ ነው። ጎንበስ ብለህ ትራመዳለህ፣ ቀጥ ትላለህ፣ በጣትህ ታሳያለህ። ፈረንጁ ያዘው። አንተም ተንበርክከህ ዓሣውን በሁለት እጅህ ደግፈህ፣ ነፍስ እስኪዘራ ጠብቀህ ለቀቅኸው። አውድማው ላይ ያየሁት ያው ነበር፤ የጎደለው ውሃው ብቻ ነው። ደጋግሜ አስከፈትኩት። ጓደኛህ እንባዬን ላለማየት ዞር አለ።

ስለዚህ እሑድ ዕለት ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው ሰው ሊበላ ሲል ተነሥቼ ቆምኩ። «ጌትነት አንድ ቀን እንኳ አላበደም፤ አበደ ያስባልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ሰዉ አቀረቀረ። የንስሐ አባታችን ብቻ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ያመነኝም ይኖራል፣ አሁን ደግሞ እሷን ለከፋት ያለም አይጠፋም።

አንተ አንድ ጊዜ እንኳ «አላበድኩም» አላልከኝም። ብትለኝም አላምንህም ነበር። ከእንግዲህ ግን ስምህ በተነሣበት ሁሉ፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ እኔ እልልሃለሁ።

ሚስትህ ጥሩዬ