«ገርበብ» የተባለውን ዘፈናችንን ለዘጉልን ሰብሳቢ

ለቀድሞው የሬዲዮ ጣቢያ የዘፈን ግምገማ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

የተከበሩ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ባለፈው እሑድ ስለ «ገርበብ» ዘፈን አቀራረጽ ታሪክ በሬዲዮ ሲጠየቁ፣ ውሃ እንኳ ሳይጎነጩ ያን ያህል ስለራስዎ ሲናገሩ ስለሰማሁ፣ ለጎረቤት የሚተርፍ ጤና እንዳለዎት ተረድቼ ደስ ብሎኛል። እኛም ደህና ነን። እኔ ዘፈኑን የዘፈንኩት ሰው ነኝ፤ ሳያነሱኝ የቀሩት ጊዜ አጥሮዎት እንደሚሆን አልጠራጠርም።

«ያንን ዘፈን እኔ ነኝ ያዳንኩት» ሲሉ ባለቤቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችና «ሰውዬው ያን ጊዜ እኛ ቤት ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዳልነበሩ አረጋገጥኩላት። ስላልነበሩበት ነገር ይህን ያህል ካወቁ፣ የነበርንበት ሰዎች ጥቂት ብንጨምርልዎ ቅር እንደማይሰኙ በማመን ይህን በአደባባይ ጽፌያለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በልብስ ነው። የምዘፍንበት ባንድ መለማመጃ ቦታ ስላልነበረው ቤቴ ወሰድኳቸው፤ ከበሮ መቺያችንም ባለቤቴ አጥባና ተኩሳ አልጋ ላይ በደረደረችው ልብስ ላይ ከበሮውን ዘረጋ። ከሥራ ስትመለስ ይህን አይታ «እንግዲያው ከበሮውን አግባ» አለችኝና ታላቅ እህቷ ቤት ገባች። ስደውል እህቷ «የለችም» ትለኛለች፤ ከጀርባዋ ደግሞ «የለችም በይው» የሚል የባለቤቴ ድምፅ ይሰማኛል። እዚያ ቤት ሬዲዮ ሲዘጋ ታይቶ ስለማይታወቅ፣ ይቅርታዬን በዘፈን ለመላክ ቆረጥኩ።

ዘፈኑን የቀዳችልን የድምፅ ቀጂ ሴት ስቱዲዮ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ያለች፣ ግድግዳዋ አሮጌ ፍራሽ የለበሰ ጠባብ ክፍል ነበረች። የጋራዡ መዶሻ ሲያርፍ እንዘፍናለን፤ ሲነሳ እንቀመጣለን። ድምፄን ሳስረዝምና ሳስጌጥ ታግሣኝ ቆየችና ማሽኑን አቁማ «ወንድሜ፣ አትዝፈንላት፤ ንገራት» አለችኝ። እኔም ነገርኳት፤

ጥፋቱ የኔ ነው፣ አመንኩኝ በአፌ፤
ገርበብ ብሎ ያድራል፣ ያንቺ ነው ደጃፌ።

ስንጨርስ ቀጂዋ ፊቷን ወደ ፍራሹ አዞረች። ዘፈኑ ሰው እንደሚይዝ ያወቅኩት ያኔ ነው። ለኮሚቴዎ የላክነው ይህንን ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ውለታዎን በተራ ላቅርብ፤

1ኛ. «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚለውን ስንኝ «ዘፋኙ ማስረጃ ሳይቀርብበት ራሱን መወንጀሉ ለወጣቱ መጥፎ አርአያ ነው» በማለት «ጥፋቱ የጋራ ነው» ተብሎ እንዲቀዳ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ቤቷን ጥላ ለወጣች ሴት ከዚህ የበለጠ የሚያባብል ቃል እኔ በራሴ ጭንቅላት አላገኝም ነበር።

2ኛ. እንደገና ቀድተን ስንመጣ «ገርበብ ማለት አቋም አይደለም፤ ወይ ይከፈት ወይ ይዘጋ» ብለው፣ ሌባም እንዳለ በማስታወስ በሬን በድምፅ ብልጫ ስለዘጉልኝ አመሰግናለሁ። የራሴን በር ለመዝጋት እጅ ሲወጣ በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

3ኛ. «ነይ፣ ነይ» የሚለው አዝማች ለአንዲት ግለሰብ ብቻ ማገልገሉ አሳስቦዎት «ኑ፣ ኑ» እንዲባል ስላደረጉ የጋበዙልኝ ሕዝብ ሁሉ ያመስግንዎት።

በመጨረሻው ቅጂ ቀን የድምፅ ቀጂዋ ወረቀቱን አንብባ «እኔ ይህን ቁጭ ብዬ አልሰማም» አለችና ማሽኑን ከፍታልኝ ወጣች። እኔ ግን ጨርሶ ከመቅረት ይሻላል ብዬ፣ ያንኑ የልመና ድምፄን ይዤ እንዲህ ስል ዘፈንኩ፤

ጥፋቱ የጋራ ነው፣ አመንን በአፋችን፤
ተዘግቶ ያድራል፣ ጥብቅ ነው ደጃችን። ኑ፣ ኑ።

የተዘጋ በር ውስጥ ቆሞ እያለቀሰ «ኑ» የሚል ሰው ተሰምቶ ስለማያውቅ አገሩ በሳቅ ፈረሰ። ዘፈኑ የሠርግም የታክሲም ዘፈን ሆነ። እርስዎ እሑድ ዕለት «ቀልዱ የኮሚቴው አቅጣጫ ነበር» ያሉት ይህንን ነው፤ እኔ ግን ስዘፍነው እንባዬ የእውነት ነበር።

ባለቤቴ በሰማችው ማግሥት እህቷን አስከትላ መጣች፤ ለመታረቅ ሳይሆን ለመጠየቅ። «በሩን ማን ዘጋው? የጋራ ከተባለው ጥፋት የኔ ድርሻ የቱ ነው? ደግሞስ እነዚህ ኑ የተባሉት እነማን ናቸው?» ብላ ስታፋጥጠኝ የኮሚቴውን ውሳኔ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አላመነችኝም። ማንስ ያምናል? ይዣት ጋራዡ ጀርባ ሄድኩ። ቀጂዋ ወንበር ሰጠቻትና የመጀመሪያውን ቅጂ ከፈተችላት። ባለቤቴ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያም «ስለ ልብሱም አንድ ነገር ብትል ደግ ነበር» አለችኝ። የዚያኑ ዕለት ቤታችን ገባን። ስለዚህ በንዴትም ቢሆን ባለቤቴን ያመጣልኝ የእርስዎ ቅጂ ነው፤ ቤቷ ያስቀረልኝ ግን የቀጂዋ ነው።

4ኛ. የመጨረሻው ግን ውለታ ሳይሆን የባለቤቴ ቅሬታ ነው፤ በዚህ ላይ እኔም መቀለድ አልቻልኩም። ያን ሁሉ ሲያወሩ ስለ ድምፅ ቀጂዋ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አርፋለች፤ ልትከራከርዎ አትመጣም። የመጀመሪያውንም ቅጂ «ጥራት ስላልነበረው አስጠፋሁት» ብለዋል። አልጠፋም። ከማረፏ በፊት ለባለቤቴ ሰጥታታለች፤ ትናንት አብረን ለጣቢያው አስረክበናል፤ አዘጋጁም የፊታችን እሑድ ከቀጂዋ ስም ጋር ሊያሰማው ቃል ገብቷል። እንዲያዳምጡ በትሕትና እንጋብዛለን። እስክርቢቶ መያዝ አያስፈልግዎትም።

በሰረዙልን ቃላት ልክ ዕድሜ እንዲጨመርልዎ ከልብ በመመኘት፣ ወንበርዎ ባይኖርም ወንበርዎን እጅ እየነሳሁ፤

አክባሪዎ ዘፋኙ

ማሳሰቢያ፦ የሕይወት ታሪክዎን በመጽሐፍ እያዘጋጁ መሆኑን በዚያው ዝግጅት ላይ ሰምተናል። ረቂቁን ቢልኩልን እኔ፣ ባለቤቴና እህቷ ኮሚቴ ሆነን በነጻ እንገመግምልዎታለን። አይስጉ፤ የምናወጣው አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ «እኔ» የምትለዋን።