ለባለቤቱ ያልተነገረ መርዶ

ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት

ውድ ወንዳወቅ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ብቻ ነው። ሌላ ቃል ብፈልግ አፌ ላይ ሞልቶልኛል። ግን ይህን ወረቀት የሚያደርሱልህ አክስትህ እትዬ እህተ ማርያም ናቸው፤ ነገ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ይሳፈራሉ። መንገድ ላይ ከፍተው እንደሚያነቡትም አውቃለሁ። እትዬ፣ እንደምን አሉልኝ? ያንብቡት፣ ግድ የለም። ብቻ አደራዎን፣ ሳይቀድዱ ያድርሱት!

በወረቀት የጻፍኩልህ ከትናንት ጀምሮ ስልክህን ስለዘጋህ ነው። እኔ ስደውል ዝግ፣ በሰው ስልክ ስደውል ዝግ። ታዲያ ምን ላድርግ? አልተወውም። ይኸው በአክስትህ ቦርሳ መጣሁብህ።

አባቴ የሚጠብቁት የቡሬው የማህበሩ የዘር መጋዘን ተከፈተ። አባቴ ጠዋት ቁልፉን ያዞሩት በደስታ ነበር። ዝናቡ ጥሏል፣ መሬቱ ታርሷል፣ የማህበሩ ገበሬ ሁሉ አህያውን ነድቶ በር ላይ ተኮልኩሏል። የመጀመሪያው ጆንያ ሲፈታ ሽታው ሰውን ወደ ኋላ መለሰው። በቆሎው እርስ በርሱ ተያይዟል፣ ሻጋታ ለብሷል፣ እጅ ሲከቱበት ይፋጃል። ሁለተኛውም ያው፣ ሦስተኛውም ያው። ለካ ከኋላ በኩል ቆርቆሮው ተነስቶ የመጋቢት ዝናብ ሲገባበት ከርሟል።

«አምላኩ ደህናውን ዘር ሸጠው ብስባሹን ጠበቁልን» ያለው ማን መሰለህ? እጅጉ! አባቴ ልጁን ክርስትና ያነሱለት እጅጉ። አንድ ሰው አፉን ከከፈተ ሌላው መቼ ይዘጋል? ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማርያም ግቢ ዋርካው ሥር፣ አባቴ በሕዝብ ፊት ይማሉ አሉ። አባቴን ታውቃቸዋለህ። «እውነትም ቢሆን በእመቤቴ ስም አልምልም። ሳልምል ሸመገልኩ፣ ሳልምል እሞታለሁ» አሉ። ከዚያማ አለቀ። «ንጹሕ ቢሆኑ መሐላ ምን ያስፈራቸዋል?» ተባለ። አሁን አባቴ በቡሬ ገበያ ሲያልፉ ሰው ሰላምታ ይነሳቸዋል። ያንን ማየት ምን እንደሆነ አንተ አታውቀውም።

«አባዬ፣ እንዴት ሳያዩት ቀሩ?» አልኳቸው።

«አየሁ እንጂ!» አሉኝ። «ማለዳ ማለዳ አየሁ። ግድግዳው ላይ የሰቀላችኋት ስክሪን ደህና ነው ትለኛለች። ጆንያ አይፍቱ ተብያለሁ፤ አልፈታሁም።»

አይፍቱ ያልካቸው አንተ ነህ። «ጋሽ አምላኩ፣ ጆንያ ሲፈቱ እርጥበት ያስገባሉ፤ ስክሪኗን ብቻ ይዩ» ያልከው አንተ ነህ። እኔም አጠገብህ ቆሜ ነበር። ሁለታችንም የኮምፒውተር አስተማሪዎች ነን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍኖተ ሰላም እየተሳፈርን ሽቦ ስንዘረጋ የከረምነው አብረን ነው።

እትዬ፣ ለእርስዎም እንዲገባዎ ላስረዳ። በጆንያዎቹ መካከል ሙቀት የሚለኩ ትንንሽ ዕቃዎች ተቀብረዋል። የለኩትን አጭር መልእክት አድርገው ወደ አንድ ሰርቨር ይልካሉ። የወንድምዎ ልጅ ሰርቨሩን «ደላላው» ይለዋል፤ ላኪና ተቀባይ ሳይተያዩ የሚያገናኝ ስለሆነ። መልእክቱ የሚሄደው በየርዕሱ ነው። አንድን ርዕስ ልስማ ብሎ የተመዘገበ ይደርሰዋል፤ ያልተመዘገበ ምንም አይሰማም። ደላላውም «ኧረ ሰሚ አጣሁ» ብሎ አይጮህም።

ወንዳወቅ፣ ዕቃውን የተከልን ዕለት ከሽማግሌዎቹ አባ ወልደ ሥላሴ ያሉት ትዝ ይልሃል? ስክሪኗን አዩ አዩና፣ «ልጆቼ፣ ዘሩ የተበላሸ እንደሆነ ይህቺ ናት ለአምላኩ የምትነግራቸው?» አሉ። አዎ አልናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህማ ነውር ነው። ክፉ ወሬ ለባለቤቱ እንዲህ አይወረወርም። ሰው ሲሞት እንኳ ሽማግሌ በማለዳ ሄዶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ነው መርዶው የሚነገር። ይህ ዘር የስንት ቤት ጉሮሮ ነው! ሰውዬው ብቻቸውን ቆመው ከግድግዳ ይስሙት?» ሽማግሌው ሁሉ «እውነት ነው» አለ። አባባላቸው እኔንም ደስ አሰኝቶኝ ነበር።

አንተ እዚያው ሁለት ርዕስ አበጀህ። አንዱ «ደህና» ይባላል፤ ዘሩ ደህና ሲሆን ወደ አባቴ ስክሪን ይሄዳል። ሁለተኛውን «መርዶ» አልከው፤ ዘሩ ሲሞቅ ወደ መርዶ ነጋሪው ይሄዳል። የሽማግሌዎቹ ስልክ እንዲህ ያለውን አይቀበልም፤ የቁልፍ ስልክ ነው። ያኔ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ፣ «ግድ የላችሁም፣ ለእኔ ይምጣ። እኔ ለአባ ወልደ ሥላሴ እደውላለሁ፤ እሳቸው ሰው ይዘው ይሄዳሉ» አልክ። መረቁህ እኮ! ቆመው ነው የመረቁህ።

በየካቲት አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ ብለህ ሄድክ። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ሰርጋችንም ለዳግም ትንሣኤ እንደተባለው ነው አልክ። እንደማትመጣና እንደተውከኝ ለእናትህ ነገርካቸው። ለእትዬ ነገርካቸው። ለሚዜዎችህ ነገርካቸው። እኔ የሰማሁት ከልብስ ሰፊዋ ነው። ደጊቱ ሜትሩን ወገቤ ላይ እንዳዞረች እጇ ቆመ። «እህቴ፣ እስካሁን አልሰማሽም እንዴ?» አለችኝ። ሜትሩን ቀስ ብላ ጠቀለለችው። አገር ሁሉ የሚያውቀውን ባለቤቷ እኔ መጨረሻ ሰማሁ። ያን ቀን ቀሚሱን እዚያው ጥዬ ወጣሁ፤ እስከ ዛሬ ደጊቱ ዘንድ ነው።

ይህን ያነሳሁት እንድታዝንልኝ አይደለም። ሐዘንህን ለራስህ ያዘው። ያነሳሁት አንተ በሰርቨርም በሰውም ያው መሆንህን እንድታውቅ ነው።

ትናንት ከሰዓት ተማሪዎቼ ሲወጡ ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ያንን ጥቁር መስኮት ከፈትኩ፤ ማውዝ የማይሠራበትን፣ ትእዛዝ በፊደል የሚጻፍበትን። የደላላውን አድራሻ ጻፍኩ። የይለፍ ቃሉን ሞከርኩ፤ አልቀየርከውም። የእኔ ስም ነው። ኧረ ጉድ! ሙሽራይቱን ጥሎ ስሟን የሰርቨር ቁልፍ አድርጎት የሄደ ሰው ያየሁት አንተን ነው።

ከዚያ የምሰማውን ርዕስ መጻፍ ነበረብኝ። አንዱን አልመረጥኩም። ካርድ ስንሞላ መጨረሻ ላይ የምንነካትን መሰላል ጻፍኩ፤ እሷ እዚህ ቤት «ሁሉንም አምጣ» ማለት ናት።

ገና ቁልፉን ከመንካቴ «ደህና ነው» የሚል ብቅ አለ። ደነገጥኩ። በዚያ ሁሉ ሻጋታ መሃል ደህና ነው የሚለው ማን ነው? ቀኑን አየሁት፤ የየካቲት ነው። ያኔ ገባኝ። በዚያ መልእክት ላይ «ይቀመጥ» የሚል ምልክት አድርገህበታል። ደላላው የመጨረሻዋን «ደህና ነው» ይዞ፣ ስክሪኗ በጠየቀች ቁጥር ያንኑ ያድላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያንኑ፣ ኔትወርክ ተቋርጦ ሲመለስ ያንኑ። አባቴ በመጋቢትም በሚያዝያም ሲያነቡ የከረሙት የየካቲትን ደህንነት ነው።

ጥቂት ቆየሁና ሌላ መጣ፦ «መርዶ፦ ዘሩ ሞቋል።» ደግሞ ቆየና ያው መጣ። ጆንያዎቹ ለምርመራ ተብለው እዚያው ታሽገዋል፤ ዕቃዎቹም ውስጥ ሆነው እስከ ዛሬ ይጮሃሉ።

መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ? ረስቶታል አልኩ። ስልኩን ቀይሮ ይሆናል፣ አዲስ አበባ ልቡን ወስዶት ይሆናል አልኩ። ሞኝ ነኝ፤ ለአንተ ሰበብ ስፈልግ ነበር። ከዚያ የሰርቨሩን መዝገብ ከፍቼ መርዶን የሚሰማ ማን እንዳለ አየሁ። አንድ ብቻ ነው፤ «የወንዳ ስልክ» ይላል። እሱም የተያያዘ ነው፣ የሚቀበል ነው። የመጋቢቱ የመጀመሪያ መርዶ ደርሶሃል። ከዚያ ወዲህ አንዱም አላመለጠህም።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አባቴ አሮጌዋን ስክሪን ሲሳለሙ አንተ ኪስህ ውስጥ ዘሩ ሲነድ ትሰማ ነበር። ያኔ ብትደውል ጆንያው ወጥቶ ፀሐይ ይመታው ነበር፤ ቆርቆሮውም ይጠገን ነበር። አንድ ስልክ ነው የተጠየቅከው!

ወዲያው ለእትዬ ደወልኩ። እትዬ፣ አይቆጡኝ፤ ያሉትን እንዳለ ነው የምጽፈው። «ምስኪን ልጅ፣ ሊደውል እኮ አስቦ ነበር» አሉኝ። «'አባ ወልደ ሥላሴ ሕሊናን ሊለምኑልኝ ሽምግልና የሄዱ ናቸው፤ ሰርጉስ ወዴት ደረሰ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ' እያለ ይኸው ዛሬ ነገ ሲል…» ብለው ቆሙ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ለዚህ ነው? «ሰርጉስ?» የምትለዋን ጥያቄ ፈርተህ ነው የአገሩን ዘር ያስበሰበስከው? ወንድ አይደለህም እንዴ? «ትቻታለሁ» ማለት ከብዶህ ነው? በለው፣ አፍህ አይቃጠልም! እኔ እንደሆንኩ ሰምቼዋለሁ፤ ከልብስ ሰፊ ሰምቼም አልሞትኩም። የአባቴን ስም ግን እንዴት አደረግከው! እኔን አፍረህ የሰነፍከው ስንፍና እሳቸውን ሌባ አሰኛቸው።

በዚያው በመርዶ ርዕስ ላይ መልእክት ላክሁብህ፦ «ሕሊና ነኝ። እሁድ አባቴን ሊያስምሏቸው ነው። መጥተህ ተናገር።» እንደደረሰህ መዝገቡ ይመሰክራል። ቁጭ ብዬ ጥቁሩን መስኮት አየሁ። ጥቂት ቆይቶ አንድ መስመር መጣ፦

«ወንዳወቅ ወጥቷል፤ ሲመለስ ይደውላል።»

ይህቺ ኑዛዜህ ናት። ከመጋዘኑ ስንመለስ መኪና ውስጥ እየሳቅህ ነው ያስረዳኸኝ። እያንዳንዱ ተቀባይ ገና ሲገባ ኑዛዜውን ለደላላው ይሰጣል። በወጉ ተሰናብቶ ከወጣ ኑዛዜው አይነገርም፤ ደላላው የሚናገረው ሰውዬው ሳይሰናበት ድንገት ሲቆረጥ ብቻ ነው። ስልክህን እንዳለ ነው ያጠፋኸው። ከማሽንም እንኳ ደህና ሁን ብለህ መለየት አልቻልክበትም።

ዛሬ ጠዋት ላፕቶፑን ይዤ ቡሬ ሄድኩ። ለአባቴ ሁሉንም አሳየኋቸው።

«ልጁ ያውቅ ነበር ማለት ነው?» አሉ።

«ያውቅ ነበር፣ አባዬ።»

እንዲረግሙህ ስጠብቅ ነበር፤ ከልቤ ስጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን፣ «እናቱ ዓባይነሽ ሰምታለች?» አሉኝ። አልሰሙም አልኳቸው። «እንግዲያ እሁድ በአደባባይ፣ ከገበያ ሰው አፍ አትሰማም። ቅዳሜ በማለዳ አባ ወልደ ሥላሴ ሰው ይዘው ጅጋ ቤቷ ይሂዱላት።»

«አባዬ፣ እሁድ ይህን ኮምፒውተር ይዤ ልምጣ? ሁሉም ይየው።»

«ማሽን አይመሰክርም፣ ልጄ። ደህና ነው እያለኝ የከረመው ማሽን አይደለም እንዴ? ሰው አምጪ።»

ስለዚህ ሰው እንዳመጣ ነው የጻፍኩልህ። ያ ሰው አንተ ነህ፤ ሌላ የለም። አባቴ አይምሉም። አንተ ዋርካው ሥር ቆመህ «ዘሩ መሞቁን ማሽኑ ነግሮኝ ነበር፣ ዝም አልኩ» ካላልክ ሌባ እንደተባሉ ይቀራሉ። እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ እዚያ ሁን። ስለ እኔ ማንም አይጠይቅህም፤ ቢጠይቁህም እኔው እመልስልሃለሁ። ካልመጣህ ግን እኔ እቆምና ስምህን ከነአባትህ ጠርቼ እናገራለሁ። ያምኑኝ አያምኑኝ አላውቅም፤ የአምላኩ ልጅ ነኝና።

የይለፍ ቃሉን ቀይሬዋለሁ። መርዶም ከዛሬ ጀምሮ በቀጥታ ወደ አባቴ ይሄዳል፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያሉኝ። አባ ወልደ ሥላሴም «ይሁን» አሉ፤ ቅር እያላቸው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ቅዳሜ ማለዳ የእናትህ በር ይንኳኳል። ሲከፍቱ ነጠላቸውን ያጣፉ ሽማግሌዎች ደጅ ላይ ቆመው ያያሉ። እናትህ የአገራቸውን ወግ ያውቃሉ፤ አንዲት ቃል ሳይነገራቸው ሞተሃል ብለው ይጮኻሉ። ሽማግሌዎቹ «አልሞተም፣ በሕይወት አለ» ይሏቸዋል። ከዚያ ያደረግኸውን ይነግሯቸዋል። ይህን ማስቀረት ከፈለግህ ስልክህን ክፈትና ቀድመህ ራስህ ንገራቸው። ለአንተ ግን ሽማግሌ አልላክሁም፣ ጎረቤት አልጠራሁም። ለባለቤቱ በቀጥታ ነው የነገርኩህ።

እኔ በዚህ አበቃሁ። ከእንግዲህ አልደውልም፣ አልጽፍም። እንዴት እንደሚወጣ አይተህ ተማር፦

ደህና ሁን።

ሕሊና አምላኩ